ነቁጢት ስጦታ ይዛ መጣች

ተጠጉ፣ ተሰብሰቡ። ጨዋታው ስለ ወፍ ነው፤ ወፍ የማይወድ ስለ ቅል ይስማ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አቶ ሸዋቀና የሚባል ሰው በጓሮው ለድንቢጦች የሽቦ ቤት ሠራ። ለጣሪያው የገዛው ቆርቆሮ ስላልበቃው ግማሹን በሽቦ ብቻ ሸፈነው። ከቆርቆሮው ሥር አንድ ቅል አንጠለጠለ፤ ጎኑን ፈልፍሎ በር አወጣለት። ከሽቦው ሥር ደግሞ አንድ ቅርጫት አሰረ። ቅሉ ደረቅ ነው። ቅርጫቱ ዝናብ ያስገባል። አቶ ሸዋቀና ይህን አላስተዋለም። «ሁለቱም ቤት ነው» አለ።

ሁለት ጥንድ ድንቢጦች ገቡ። ቀዮና ሚስቱ ቡኒት ቀድመው ቅሉን ያዙ። ነቁጢትና ባሏ ቅርጫቱ ደረሳቸው። የነቁጢት ባል በዚህ ተረት ውስጥ አይናገርም። በኑሮውም ብዙ አይናገርም ነበር።

አቶ ሸዋቀና በየማለዳው ሣር፣ ጥጥና ላባ ወለሉ ላይ ይበትንላቸዋል። «ይሥሩበት» ይላል። ደንብም አወጣ። በሽቦው በር ቆሞ፣ «ሦስት ጊዜ እንቁላል ጥሎ ጫጩት ያላወጣ ጥንድ ቅሉን ለሌላው ይለቃል» አለ።

ሁሉም ሰሙ። ነቁጢት ግን ከሁሉም አብልጣ ሰማች።

ያን ቀን ዝናብ ጣለ። ቅርጫቱ ከላይ ጠጥቶ ከታች ያንጠባጥብ ጀመር።

«እዚህ እንቁላል ልጥል ነው?» አለች ነቁጢት።

«እኔ እንጀራ ልይዝ ነው የተሰፋሁት» አለ ቅርጫቱ። «ለምን ሄደሽ ቅሉን አትቀሚያቸውም?»

«ልደባደብ? ነውር ነው። ስጦታ ይዞ መሄድ ግን ማንም አይከለክልም።»

በድንቢጦች ዘንድ እንዲህ ያለ ወግ ነበር። ጎረቤቱን ሊጠይቅ የሚመጣ ባዶ ምንቃሩን አይመጣም። ባለቤቶቹ ሁለቱም ተነሥተው ደጅ ድረስ ይቀበሉታል። ያመጣውንም ስጦታ እያየ ያነጥፉታል። ሳይነጠፍ ከቀረ ሰጪው ይቀየማል፤ የድንቢጥ ቅያሜም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ቡኒት እንቁላል ጣለች፣ ታቀፈችም። ነቁጢት ሣር ነክሳ መጣች።

«ቤቶች!»

«እትዬ ነቁጢት! ግቡ፣ ግቡ» አለ ቀዮ። ቡኒትም ተነሥታ ደጅ ወጣች።

«እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃችሁ። ይቺን ሣር ይዤ ነው።»

«ምነው መቸገርሽ!» አለች ቡኒት።

«አንጥፉኝ እንጂ» አለ ሣሩ። «ስጦታ ተንጠልጥሎ አይውልም።»

ቀዮ ሣሩን ወስዶ ከቅሉ ውስጥ አነጠፈ።

«አንተ፣ እንቁላሉ ከሥር ነው» አለው ቅሉ።

«አውቃለሁ። እንዲሞቀው እያለበስኩት ነው።»

ነቁጢት እስኪመሽ ተጫወተች። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ጥሬው አወራች፣ ከሽቦው ውጭ ስለምትዞረው ድመት አወራች። እንግዳ ተቀምጦ ባለቤት ወደ ጓዳ አይገባምና ቡኒትም ተቀምጣ ሰማች። እንግዳዋ ስትሄድ ወደ ቅሉ ገባች።

«እንቁላሌስ?»

«አለ» አለ ቀዮ።

«የት አለ?»

«ከሥር። አልብሼዋለሁ።»

«ሣር ሆድ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይሞቃል?»

ቀዮ አሰበ። በማግስቱ ጥቂት ሣር ጨመረ።

እንቁላሉ ቀዝቅዞ ቀረ። ቡኒት ከሣሩ በላይ ሌላ እንቁላል ጣለች። ነቁጢት ጥጥ ነክሳ መጣች።

«ቤቶች!»

ሁለቱም ተነሡ። ቡኒት ግን በሩ ላይ ለባሏ ሹክ አለችው፦ «አደራህን፣ እንዳታነጥፍ።»

«ያ ሣር ነበር» አለ ቀዮ። «ይሄ ጥጥ ነው።»

«እኔን ልትመልሱኝ ነው?» አለ ጥጡ። «ትልልቅ ሰው ጋቢ አሠርቶ የሚለብሰኝን?»

ቀዮ አፍሮ አነጠፈው። ነቁጢት እስኪመሽ ተጫወተች። ሁለተኛውም እንቁላል ቀዘቀዘ።

«ቀዮ» አለ ቅሉ፣ «ሆዴ ሞልቷል። እዚህ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ብትጨምርበት በሩ ይደፈናል። ያኔ እናንተም ውጭ ናችሁ።»

«ታዲያ ሰው ያመጣውን ልመልስ?» አለ ቀዮ።

አቶ ሸዋቀና መጣና ጣቱን ወደ ቅሉ አስገባ። ጫጩት የለም። «ሁለት ጊዜ ከሸፈ። አንድ ቀርቷቸዋል» አለ። ከዚያ ጥቂት አሰበና፣ «ቤቱ ቀዝቅዞባቸው ይሆናል» ብሎ የሚበትነውን ሣር እጥፍ አደረገው።

ቡኒት ለሦስተኛ ጊዜ ጣለች፣ አሁን ግን ሦስት እንቁላል፤ ታቀፈችም። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ነቁጢት የነጭ ዶሮ ላባ ነክሳ መጣች።

«ቤቶች!»

ቀዮ ዘሎ ተነሣ። ቡኒት አልተነሣችም።

«አንቺ፣ እንግዳ መጣ!»

«ሰማሁ።»

«ተነሺ እንጂ! ምን ነካሽ?»

«እንቁላል ላይ ነኝ።»

«እትዬ ነቁጢት ደጅ ቆመው?»

«ይቁሙ። እግር አላቸው።»

ነቁጢት አንገቷን በበሩ አስገባች። «እህት ዓለም፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ።»

«ላባ ይዤልሽ ነበር።»

«ደጅ አስቀምጪው።»

«እኔን ደጅ?» አለ ላባው። «የዶሮ ላባ ነኝ እኮ!»

«ዶሮዪቱም ስትታቀፍ ለማንም አትነሣም» አለች ቡኒት። «ዋሸሁ?»

ላባው ከዚያችው ዶሮ የወጣ ነበርና «አልዋሸሽም» አለ።

ቀዮ ተጨነቀ። እንግዳ ቆማለች፤ ስጦታው አልተነጠፈም፤ ሚስቱ አልነሣም ብላለች። ሌላ ቦታ ቢያጣ ላባውን ወስዶ ከቡኒት ጀርባ ላይ አነጠፈው። ነቁጢት እያየች ተነጠፈ። ወጉ አልጎደለም። እንቁላሉ ግን ከቡኒት ሆድ ሥር ነበር።

«ተመችቶሻል?» አላት ቀዮ።

«ያሳክከኛል» አለች ቡኒት። አልተነሣችም።

ነቁጢት ተቀይማ ሄደች። «አልተነሣችልኝም» ብላ ለቅርጫቱ ነገረች። «አልተነሣችልኝም» ብላ ለባሏ ነገረች። «አልተነሣችልኝም» ብላ በሽቦው በኩል ለድመቷ ነገረች። ድመቷ፣ «አልሰማሁሽም፤ ቀረብ ብለሽ ንገሪኝ» አለቻት። ነቁጢት ግን ድመት አጠገብ እስክትሄድ ድረስ አልተቀየመችም ነበር።

በማግስቱ ሣር ይዛ መጣች። ቡኒት አልተነሣችም። በሌላውም ቀን ጥጥ ይዛ መጣች። ቡኒት አልተነሣችም። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተወች።

ዝናቡም በረታ። ቅርጫቱ በስብሶ ታችኛው ስፌት ተፈታ። ከቅሉ ውስጥ ግን አንድ ማለዳ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ አስከትሎም ሌላ፤ አስከትሎም ሌላ። አቶ ሸዋቀና ሰምቶ መጣ።

«ወጡ» አለ። «ቅሉ የእናንተው ነው።»

ነቁጢት ይህን ሰምታ፣ ውኃ እንደ ጠጣ ጨርቅ ተጣብቃ፣ ሽቦው ላይ ተቀመጠች። ቡኒት አንገቷን በበሩ አወጣች።

«ነቁጢት፣ ያ ሁሉ ስጦታ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቅሉን» አለች ነቁጢት። መካድ አላስፈለጋትም።

«ለምን አትዪም ታዲያ?»

«ቤታችሁን ስጡኝ ተብሎ ይጠየቃል? እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ።»

አቶ ሸዋቀና ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያም ቅርጫቱን አየ። «ይሄ ዝናብ ያስገባል ለካ» አለ።

«ካሰርከኝ ጀምሮ» አለ ቅርጫቱ።

«ከቆርቆሮው ሥር ከእኔ ጎን ለሌላ ቅል ቦታ አለ» አለ ቅሉ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ጣትህን አስገብተህ ትሄዳለህ እንጂ።»

አቶ ሸዋቀና ሁለተኛ ቅል አመጣና ከመጀመሪያው እኩል ከፍታ ላይ ሰቀለው። እንቁላል ከተጣለ በኋላም ሣር መበተን ተወ። ነቁጢት ወደ አዲሱ ቅል ገባች። ባሏም ተከትሎ ገባ። ምን እንደተሰማው የሚታወቅ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የድንቢጦች ወግ ተለወጠ። ጎረቤቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ድንቢጥ ከሩቅ ቆሞ፣ «እንቁላል አለ?» ብሎ ይጠይቃል። «አለ» ከተባለ ስጦታውን እንደ ነከሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማንም በማንም አይቀየምም።

እኔ ጣልኩት፤ እናንተ ታቀፉት። ጨዋታውም ይህን ትቶልን አለፈ፦ እንቁላል የታቀፈች ለእንግዳ አትነሣም።