ከከበሮው አንድ ክንድ ርቆ

አንድ በየሠርጉ ቤት ስማቸው የገነነ ከበሮ መቺ ነበሩ፤ ጋሽ አንዳርጌ ይባላሉ። እሳቸው ከበሮ ሲያነሱ ሽማግሌ እንኳ ከወንበሩ ይነሳል። አሁን ግን ቀኝ እጃቸው መዛል ጀምሯል፤ ሐኪሙም በቃዎት ብሏቸዋል። ስለዚህ የከበሮው ድምፅ ከእጃቸው ጋር አብሮ እንዳይቀር፣ ለመጨረሻ ጊዜ መትተው ሊያስቀርጹ ወደ ድምፅ ቀራጯ ትርሲት ስቱዲዮ ሄዱ።

ትርሲት ለከበሮ የምትጠቀምበትን፣ ትንሿን ድምፅ ሳይቀር የሚይዘውን ኮንደንሰር ማይክሮፎን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። ሥራ ሲያበቃ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ሣጥኑ ውስጥ ታስተኛዋለች። ጋሽ አንዳርጌ ከጨርቁ ስትፈታው አይተው፣ "አራስ ልጅ አደረግሽው እኮ!" ብለው ሳቁባት።

ከዚያም እንደ ሠርግ ቤት ልማዳቸው ለመሞከር አፋቸውን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠግተው "እፍ! እፍ!" ሊሉ ሲሉ እጇን ጣልቃ አስገባች።

"ኧረ ጋሼ፣ እንዳይተነፍሱበት! ውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን በእርጥበት ትበላሻለች።"

ማይክሮፎኑንም ከከበሮው አንድ ክንድ አራቀችው። ይሄኔ ከፋቸው።

"ልጄ፣ የእኔን ከበሮ ከሩቅ ነው የምታስደምጪው? ዘንድሮስ ተናቅሁ!"

"እሺ፣ እንዳሉት ይሁን" ብላ ከቆዳው አጠገብ ደቀነችው። መቱ። የተቀረጸውን ሲያዳምጡት ግን ቆርቆሮ የሚደበደብ ይመስላል። ፊታቸው ጠቆረ።

"በቃ፣ እጄ ሞቷል ማለት ነው" አሉ።

"እጅዎስ አልሞተም፤ የዚህ ማይክ ጆሮ ስስ ስለሆነ ነው፤ ከአጠገቡ ሲመቱ ድምፁ ይበላሽበታል" አለችና መልሳ አራቀችው። "እስቲ አሁን ይምቱ።"

መቱ። አዳመጡ። የከበሮው ሰፊ አፍ ጉምጉምታ፣ የጠባቡ አፍ ምላሽ፣ በመካከሉም የጋብቻ ቀለበታቸው ቆዳውን ስትነካ የምታሰማው ጠቅታ ሁሉም በየቦታው አለ። ዕድሜ ልካቸውን ሲመቱ ኖረው ያቺን ጠቅታ ሰምተዋት አያውቁም። እንባቸው መጣ፤ ደረታቸው ተነፋ።

"ይሄ የእኔ እጅ ነው!" አሉ ጮክ ብለው።

ሊወጡ ሲሉ ባለ ተራው ዘፋኝ ገብቶ "እፍ" ሊል ወደ ማይክሮፎኑ አጎነበሰ። ጋሽ አንዳርጌ ክንዱን ለቀም አደረጉት።

"ተው አንተ! እኔን በወጉ የሰማኝ እሱ ነው። ራቅ ብለህ አክብረው!"

ትርሲት ኩራቷን መደበቅ አቃታት።

ወዳጆቼ፣ አጥርቶ የሚሰማ ሰው ቶሎም ይጎዳል። እንዲህ ላለው ሰው መጮህ አያስፈልግም፤ ተንከባክበው ከያዙትና ቦታ ከሰጡት፣ እኛው ራሳችን ሰምተነው የማናውቀውን መልካምነታችንን መልሶ ያሰማናል። በእርስዎ ቤት እንዲህ አጥርቶ የሚሰማዎት ማን ነው? ዛሬ ጠዋት የጮኹትስ በማን ላይ ነበር?