ከድንኳኑ ጀርባ ያሉት ሽማግሌ

«አንድ ሳውንድ የሚያከራይ ሰው ነበረ» አሉ መምህር መርዕድ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ አውርደው።

ይህን ያሉት ትርሲት ጥያቄ ስለጠየቀቻቸው ነው። ትርሲት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃና የድምፅ ቅንብር ትምህርት ትከታተላለች። ጓደኛዋ ሶልያና ለወላጆች ቀን የዘፈነችውን ቀርጻ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማሳመሪያ አንድ ሳታስቀር ጭናበት ነበር። መምህሩ ሰምተው «የሶልያና ድምፅ የታለ?» ቢሏት ከፋት።

«ቲቸር፣ ሁሉንም ካነሳሁትማ እኔ መሥራቴን ማን ያውቃል?» አለች።

መምህር መርዕድ ጥያቄ በቁሙ መመለስ አይወዱም። እንዲህ ብለው ቀጠሉ።

ሰውዬው በየሠርጉ ስፒከር ይሰቅላል፣ ማይክ ይዘረጋል፣ ከዚያ ሚክሰሩ ኋላ ይቀመጣል። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ድምፁ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ግን ማንም ልብ አይለውም። ወጥ ሠሪዋ ትመሰገናለች፣ ሥጋ ቆራጩ ይመሰገናል፣ መኪና ያስቆመው ዘበኛ እንኳ «ተባረክ» ይባላል። እሱን ሰው የሚያስታውሰው ማይኩ ሲያፏጭ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ድንኳን ሙሉ ሕዝብ ዞሮ ያፈጥበታል። ይህ ነገር አንጀቱን ያሳርረው ነበር። «ቆይ፣ ዘንድሮስ ሳያውቁኝ አይቀሩም» አለና ድምፅን እየደጋገመ የሚያስተጋባ አዲስ የኤኮ ማሽን ገዛ።

ማሽኑን ይዞ የሄደበት የመጀመሪያው ሠርግ አባቷ የሞተባት የአንዲት ልጅ ሠርግ ነበር። ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ሊመርቋት ከገጠር መጥተው ፊት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ሩቅ አያይም፣ ድምፃቸውም ቀጥኗል። ሙሽራዋ «አባባ ሳይመርቁኝ መኪና ውስጥ አልገባም» ብላ ቁርጧን ስለተናገረች፣ ሚዜዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ይቁነጠነጣሉ።

ሽማግሌው ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። ባለሳውንዱም «ይሄማ የኔ ቀን ነው» አለና ኤኮውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የሚያስተጋባውን ድምፅ ወፈር እንዲል አደረገና ከድንኳኑ ጀርባ በሰቀለው ትልቁ ስፒከር ለቀቀው።

«ልጆቼ፣ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ!» አሉ ሽማግሌው።

«ያድርጋችሁ... ያድርጋችሁ... ያድርጋችሁ...» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ሕዝቡ ለእያንዳንዱ «አሜን» አለ። ሽማግሌው ደነገጡ። ሽማግሌ በሽማግሌ ምርቃት ላይ አይናገርም፤ ነውር ነው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞሩ።

«ይቅርታ አባቴ፣ አላየሁዎትም። እርስዎ ይቅደሙ!»

«ይቅደሙ... ይቅደሙ... ይቅደሙ...»

«ኧረ በሞቴ!»

«በሞቴ... በሞቴ... በሞቴ...»

ነገሩ ማለቂያ ሲያጣ ሽማግሌው አንድ መላ መጣላቸው። በዕድሜ የሚበልጠው ይምረቅ። «የኔ ዕድሜ ዘጠና አንድ!» ብለው መልሱን ጠበቁ።

«ዘጠና አንድ... ዘጠና አንድ... ዘጠና አንድ...»

ማይኩን ከአፋቸው አርቀው «ጉድ! እኩያዬ ናቸው» አሉ ወደ ሚዜው ዘንበል ብለው። «እንግዲያው እሳቸው ይመርቁ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ድምፅ! የኔማ አልቋል» ብለው ማይኩን ሰጥተውት ተቀመጡ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም ዞሮ ባለሳውንዱን አየው፤ አውራ ጣቱን ቀስሮ ያደነቀውም ነበረ። የተመኘው ሆነለት። ደስ ብሎት ቀና ሲል ግን ዓይኑ ሙሽራዋ ላይ አረፈ። እሷ አትስቅም፤ በቬሏ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። ስትጠብቀው የኖረችው ምርቃት በአንድ ማሽን ምክንያት ሊቀርባት ነው። ሰውዬው አፈረ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ኤኮውን አጠፋ። ሄዶ ሽማግሌው እግር ሥር በርከክ አለ።

«አባባ፣ እኒያ ሰው ለእርስዎ ለቀዋል። ይምረቁ ብለዋል።»

«ተቀይመው ነው?»

«የለም፣ ዝም ብለው ሊሰሙ ነው።»

«እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው!» አሉ ሽማግሌው፣ እየተደነቁ።

ማይኩን መልሰው ይዘው ተነሡና መረቁ። ድምፃቸው ቀጭን ነበረች፤ ትንሽም ትንቀጠቀጣለች፤ ግን ትንፋሻቸው ሳይቀር ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ስማ አለቀሰች። ሚዜዎቹ እንኳ ሰዓታቸውን ረሱ። ባለሳውንዱን ዞሮ ያየው አንድም ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዘረጉና «ያን የመሰለ ድምፅ እያላቸው ለኔ ሲሉ ዝም ያሉትን ሰው፣ እሳቸውንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ሰውዬው ሚክሰሩ ላይ አጎንብሶ፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ብቻውን «አሜን» አለ።

መምህር መርዕድ ይህን ተናግረው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«እንግዲህ ትርሲት፣ ሽማግሌው የሶልያና ድምፅ ነው። ሙሽራዋ በወላጆች ቀን ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው የሶልያና እናት ናት። ባለሳውንዱ አንቺ ነሽ፤ እኔም ነኝ፤ ከዚህ ሚክሰር ኋላ የተቀመጠ ሁሉ ነው። መሥራቴን ማን ያውቃል አልሽኝ። እናቷ የልጇን ትንፋሽ የሰማች ዕለት፣ የማን ሥራ እንደሆነ ሳታውቅ ትመርቅሻለች። በይ አሁን ተነሺና፣ ከሶልያና ኋላ የቆሙትን ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ በአክብሮት ወደ ውጭ ሸኚልኝ።»