ከጀርባ የሚሠራው

በዓይናቸው ያላዩትን ሥራ፣ ሥራ የማይሉ አንድ ዳይሬክተር ነበሩ። የሰርቨር ባለሙያዋን ጠሩና፣ «ከጀርባ ይሠራል የምትዪው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ እንኳ አይታይም። ምን ያደርጋል?» አሏት።

«ድረ ገጻችንን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።»

«እስቲ አቁሚው! የሚጠይቅ ሰው ከሌለ አንቺም ወደ መዝገብ ቤት ትዛወሪያለሽ።»

በአንዲት ትእዛዝ አቆመችው። ድረ ገጹ ተዘጋ፤ ወዲያው የመሥሪያ ቤቱ ስልኮች በሙሉ ይጮኹ ጀመር።

«ኧረ አስነሺው!» አሉ ዳይሬክተሩ። አስነሳችው፤ ስልኮቹም ጸጥ አሉ።

ላለመሸነፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ የሚሠራውን ከማይሠራው በምን ልለየው?»

«እንደ ዛሬው ነዋ፣ ክቡር ዳይሬክተር፤ ሲጠፋ የሚጠይቅ ካለ ይሠራል ማለት ነው» አለች። «ደግነቱ፣ እርስዎ ለስልጠና አዳማ ሁለት ሳምንት ሲከርሙ አንድም ስልክ አልጮኸም።»