ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ከተማ ቆርቁረው፣ ኮሚቴ አቋቁመው በሚኖሩበት ዘመን፣ ከከተማቸው በላይ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ነበር። ከሥሩ አንዲት ምንጭ ነበረች። የአገሩ ውሃ እሷ ብቻ ናት። እሷም ከዓመት ዓመት እየቀጠነች ሄደች።

«ኮረብታው ዛፍ ይልበስ» አለ ሹሙ አንበሳ።

ደግ ተናገረ። በየክረምቱ ችግኝ መትከል ተጀመረ። በተከላው ቀን ደግሞ ሰንጋ ይጣላል። ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ችግኙን ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው አህያ ነበረች። አንድ ክረምት እንደ ልማዷ ተጭና፣ ውርንጭላዋን አስከትላ ወጣች። ጅብ አፍንጫውን ወደ ሥጋው ጭስ አዙሮ፣ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ይወትፋል። ወትፎ በእግሩ ይረግጣል።

«ኧረ አያ ጅቦ! ፕላስቲኩን አውልቀው እንጂ!»

«ምን ቸገረሽ? ቆሟል አይደል?»

«ሥሩ በየት ይውጣ? አንተን ስልቻ ውስጥ ቢቋጥሩህ ታድጋለህ?»

«ስልቻው ሥጋ አለው?» አለ ጅብ።

ከዚህ ጋር ምን ይነጋገሩታል? አህያ ወደ ተከላው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ወደ ቀበሮ ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ይሄ እኮ የአምናው ጉድጓድ ነው። ካቻምናም እዚሁ ነው የተከልነው። ለመሆኑ አንዱስ ጸድቋል?»

ቀበሮ ግራ ቀኟን አየችና ጠጋ አለቻት። «ቀስ በይ፣ አንቺ! ኮረብታው ከለበሰማ የከርሞው ሰንጋ በምን ሰበብ ይታረዳል?»

አህያ ጆሮዋን ጥላ ወረደች።

ተበላ፣ ተጨፈረ። በማግስቱ ዶፍ ጣለ። ጎርፉ ችግኙን ከነፕላስቲኩ እየነቀለ አወረደው። የአምናውም የካቻምናውም ፕላስቲክ ተከትሎ ወረደ። ሁሉም ሄዶ የምንጯ ዓይን ላይ ተጠቀጠቀ።

በጋ ሲገባ ምንጯ ጠብ አልል አለች። ውርንጭላዋ ጭቃ ትልስ ጀመር። ከተማው ተሰበሰበ።

«በአስቸኳይ ሌላ ተከላ እናውጅ!» አለች ቀበሮ።

«ሰንጋ ይኖራል?» አለ ጅብ፣ ምላሱ በጥማት ተጎልጉሎ።

አህያ ምንጯ ውስጥ ገባችና ፕላስቲኩን በጥርሷ እየጎተተች ታወጣ ጀመር። አንዱም አላገዛት። ሲመሽ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ። ውርንጭላዋ ጠጣች። ከዚያ በኋላማ ሁሉም ተጋፋ!

ክረምት ሲመለስ ችግኝ ሊጭኑባት መጡ።

«አልሸከምም» አለች አህያ።

አንበሳ ደነገጠ። «ምን ሆንሽ፣ እትዬ አህያ?»

«መረረኝ፣ ጌታዬ። በተከልን ቀን አይታረድ። ችግኙ በጋውን ተሻግሮ ቅጠሉ ከታየ፣ ያኔ ይታረድ። ከደረቀ ሁሉም ጦሙን ይደር።»

«ኧረ ወግ ይፈርሳል!» ብላ ቀበሮ ጮኸች።

አንበሳ ያችን ክር የምታህል ውሃ አያት። «ይፍረስ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጅብን ማን ይቻለው! ፕላስቲኩን በጥርሱ ይዘለዝላል። በጋውን ሙሉ ኮረብታው ላይ አደረ። በቅል ውሃ ያመላልሳል። ፍየል ብቅ ስትል፣ «ዞር በይ! የሰንጋዬን ቅጠል ነው የምትበይው!» እያለ ያባርራል። ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ደግሞ ችግኙ ፊት ተቀምጦ «አብብ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል።

በጋው አለፈ። ኮረብታው አረንጓዴ ለበሰ። ውሎ አድሮ ምንጯም ወፈረች። ሰንጋው ታረደ፤ ሰንጋውን ራሱን ግን ያማከረው የለም።

«እትዬ አህያ» አለ ጅብ አፉን ሞልቶ፣ «ለከርሞስ የቱ ኮረብታ ላይ ነው የምንተክለው?»

«አንተ፣ መጀመሪያ ዋጥ አድርግ!» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ድግስ የሚገባው ተክሎ ለሄደ ሳይሆን አጽድቆ ላሳየ መሆኑን ነው።