አንዲት ፊርማና ጉትቻ የተባለች ጎማ

ስሙኝ፤ ብሳሳት አርሙኝ።

አንዲት ፊርማ ፈለግሁ። ስሜ ልዑልሰገድ ነው፤ ለትልልቅ ድርጅቶች ሶፍትዌር በሚያቀርብ ኩባንያ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የማታ ማስተርስ ለመማር አመልክቼ ተቀብለውኛል። ትምህርቱ የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ እንድወጣ የሚፈቅድ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካከልኩ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። አምና ሳመነታ አልፎኛል፤ ዘንድሮም ካለፈኝ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ አስኪያጄ ወደ አቶ ከፍያለው ገባሁ።

«እኔ ለቡድን መሪነት አስቤህ፣ አንተ ደብተር ልትይዝ ነው?» አሉኝ።

«ሁለቱንም ልሞክር ብዬ ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሲስተም ይጀምር። እሱ ሳይጀምር አልፈርምም።»

አቶ ከፍያለው አይፈርሙም፤ እኔም አልማርም።

ወደ ሲስተሙ ሄድኩ። ሥራው የድርጅቱን የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን መመዝገብ ነው። ማስጀመሪያውን ስጫን በቀይ ጻፈልኝ፦ «የዕቃ ዝርዝሩ አልተሟላም።» ደግሜ ተጫንኩ፤ ደግሞ ጻፈ። ከእኔ ይልቅ በራሱ ይተማመናል።

ዝርዝር የለም፤ ሲስተሙ አይጀምርም፤ አቶ ከፍያለው አይፈርሙም፤ እኔም አልማርም።

ዝርዝሩ ያለው መጋዘኑን በሚይዙት በእትዬ ጥሩወርቅ እጅ ነው። ቃሊቲ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንዲት ትንሽ ክብ ጎማ አንስተው አሳዩኝ።

«ይቺን እያት ልጄ። እኔ መስኮት ሥር ስለማስቀምጣት የመስኮቷ እላታለሁ። የእናንተ ማሽን በአሥራ ሁለት አኃዝ ይጠራታል። መካኒኮቹ ምን እንደሚሏት ደግሞ እነሱ ይወቁ። ባለፈው የጠየቁኝን ትቼ ሌላ ሰጥቻቸው ግቢው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። የሁሉንም ስም ይንገሩኝ፤ ያኔ ዝርዝሩን ትወስዳለህ።»

ስም የለም፤ ዝርዝር የለም፤ ሲስተሙ አይጀምርም፤ አቶ ከፍያለው አይፈርሙም፤ እኔም አልማርም።

ወደ ጋራዡ ተሻገርኩ። የመካኒኮቹ አለቃ ጋሽ ወንዳፍራሽ አውቶቡስ ሥር ተኝተዋል፤ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ለጫማቸው አስረዳሁ።

«ስም ነግረናችሁ የት ልትጽፉት ነው?» አሉ ከሥር። «እንዴት እንደሚመዘገብ ሳታሠለጥኑን ከዚህ ግቢ አንዲት ስም አትወጣም!»

ሥልጠና የለም፤ ስም የለም፤ ዝርዝር የለም፤ ሲስተሙ አይጀምርም፤ አቶ ከፍያለው አይፈርሙም፤ እኔም አልማርም።

ወደ ቢሮ ተመልሼ አሠልጣኛችንን ሰብለን አገኘኋት።

«መመሪያ ሳይኖረኝ ምን ይዤ ላሠልጥን? ልዝፈንላቸው?» አለችኝ።

«መመሪያው ማን ጋ ነው?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ልዑል፣ እያሾፍክብኝ ነው?»

መመሪያው እኔ ጋ ነው። እየጻፍኩት መሆኔን አልረሳሁም፤ ሰው እየጠበቀው መሆኑን ነው ልብ ያላልኩት። አርባ ሰባት ገጽ ደርሷል። በየቦታው «ይጣራ» ብዬ ቢጫ ቀብቼበታለሁ።

«ለምን አልሰጠኸኝም?»

«ስለ ዕቃ አሰያየም በቂ እውቀት የለኝማ። ማስተርሱ ላይ አንድ ኮርስ አለ፤ እሱን ከተማርኩ በኋላ ብጨርሰው ብዬ…»

ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ የገዛ ጆሮዬ ሰማኝ።

አልተማርኩም፤ መመሪያ የለም፤ ሥልጠና የለም፤ ስም የለም፤ ዝርዝር የለም፤ ሲስተሙ አይጀምርም፤ አቶ ከፍያለው አይፈርሙም፤ እኔም አልማርም። አልተማርኩም፤ መመሪያ የለም፤ ሥልጠና የለም…

«በቃ፣ በቃ! አዞርከኝ» አለች ሰብለ። «በደንብ የምታውቀው ስንት ገጽ ነው?»

ቆጠርኩ። «ስድስት።» ደግሜ ቆጠርኩ። «አዎ፣ ስድስት።»

«ስድስቱን ስጠኝ።»

«የማላውቀውስ?»

«ባዶ ተወው። የሚያውቀው ይሙላዋ!»

ማክሰኞ ስድስቱን ገጽ አዘጋጀሁ። ከዕቃ መመዝገቢያው ላይ አንድ ዓምድ ባዶ ትቼ ከላዩ «በጋራዡ የሚጠራበት ስም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ «ይጣራ» ሊጨምርበት ቃጣው፤ ከለከልኩት። ሰጠኋት። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ ሰብለ ጋራዡ ውስጥ ስታሠለጥን እትዬ ጥሩወርቅም ዕቃቸውን ይዘው መጡ፤ መካኒኮቹ ወረቀቱን ተሻሙት። ጋሽ ወንዳፍራሽ ያቺን ክብ ጎማ ከፍ አድርገው «ጉትቻ!» አሉ።

«ይቺን ነው እንዴ ጉትቻ የምትሉኝ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የለም ስላችሁ ኖርኩ፤ መስኮቱ ሥር ሞልታ!»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሳቁ፤ ከዚያ ለእትዬ ጥሩወርቅ ወንበር ሳቡላቸውና ባዶውን ዓምድ አብረው ይሞሉ ጀመር። እኔ የማውቀው አንድም አልነበረም። ሁሉንም እነሱ ያውቁታል።

መመሪያው ሄደ፤ ሥልጠናው ተሰጠ፤ ስሙ ተነገረ፤ ዝርዝሩ ተሟላ፤ ሐሙስ ከሰዓት ሲስተሙ ጀመረ። ዓርብ ጠዋት አቶ ከፍያለው ብዕራቸውን አነሱ።

«ሦስቱን ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ» አልኳቸው።

«የቡድን መሪነቱስ?»

«ስድስት ገጽ ያህል ደርሼበታለሁ።»

ሳቁና ፈረሙ።

የምዝገባ ቅጹ ላይ «ለመማር የፈለጉበት ምክንያት» የሚል ሁለት መስመር አለ። ከሳምንት በፊት «የማውቀው ስለማይበቃ» ብዬ ሞልቼው ነበር። ቅጹን ቀይሬ እንደገና ጻፍኩ፦ «አንድ ዕቃ ሦስት ስም ሲኖረው፣ ሲስተም ሦስቱንም እንዴት እንደሚቀበል ለማወቅ።»

መዝጋቢዋ አነበበችው። «ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ። እንዲሁ ይሁን።»

ማህተሙን መታችልኝ። ተሳስቼ ከሆነ አሁንም አርሙኝ፤ ቦታ ትቼላችኋለሁ።