አሥር ዓመት ከኪስ ያልተለየ ሰንጢ

እጁ ብረት የሚገራ፣ አፉን ግን ማንም ያልገራው አንድ ቀጥቃጭ ነበር። በአንድ የገበያ ቀን የሠራቸውን ሰንጢዎች ዘርግቶ ሲሸጥ፣ የአገሩ ገዢ ቀኛዝማች ወንድይራድ አሽከራቸውን ጎንጤን አስከትለው መጡ። ከኪሳቸውም ከፈረንጅ አገር የመጣ ሰንጢ አውጥተው ቢላዋውን፣ መቀሱን፣ ጉጠቱንና ካቻቢቴውን አንድ ባንድ እየዘረጉ ለገበያተኛው አሳዩ።

«አሥር ዓመት ሙሉ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም፤ ይኸው ጭረት እንኳ የለበትም! ጎንጤ፣ እስቲ ያንተን አውጣ!» አሉ።

ጎንጤ አምና ከዚሁ ቀጥቃጭ የገዛውን ሰንጢ አወጣ። ስለቱ ከመሳል ብዛት ሳስቷል፤ እጀታው ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ገበያተኛው ሳቀ።

«በል ፍረድ!» አሉ ቀኛዝማች ቀጥቃጩን። «የኔ ይጠነክራል ካልክ ዕቃህን ሸክፈህ ከገበያው ትወጣለህ። ያንተ ይጠነክራል ካልክ ደግሞ በሕዝብ ፊት ዋሽተሃልና ትገረፋለህ።»

ቀጥቃጩ መጀመሪያ ወደ ጎንጤ ዞረ። «ምን ሠራህበት?»

«ምን ያልሠራሁበት አለ! እንጨት ጠረብኩበት፣ ጠፍር ቆረጥኩበት፣ በግ ገፈፍኩበት፣ የጌታዬን በቅሎ ኮቴ ከረከምኩበት።»

«እርስዎስ ጌታዬ፣ በዚህኛው ምን ሠሩበት?»

ቀኛዝማች ተቆጡ። «እኔ ምን በወጣኝ! ሥራ ሲኖር ጎንጤን እጠራለሁ እንጂ!»

ቀጥቃጩ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንግዲያው ብረቶቹ ምን ያድርጉ ጌታዬ?» አለ። «አንዱ ሲለፋ ከሳ፣ አንዱ ተቀምጦ ወዛ። ሁለቱም የወጡት በየጌታቸው ነው።»