ጥጋቡና የበሬ ቆዳ የምታክለው ጓሮ

መርዶው የደረሰኝ በሐምሌ ወር፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ገና ፊቴን አልታጠብኩም። ሦስት የዕድር ሽማግሌዎች በሩን ገፍተው ሲገቡ ለችግኝ የመጡ መሰለኝ። ሐምሌ በገባ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ከባለቤቴ ከመምህር ቢያድግልኝ የጎመን ችግኝ ሊለምን ይመጣ ነበርና። «ችግኙ ገና አልደረሰም፤ እሱም ከሆስፒታል አልተመለሰም» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

መምህር ቢያድግልኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት እርሻ አስተማረ። እውነቱን ለመናገር በትምህርት ቤቱ ጓሮ እቀና ነበር። ከእኔ ጋር ከሚያወራው ከጎመኑ ጋር የሚያወራው ይበልጥ ነበር። «ጣውንት አመጣህብኝ» ስለው ይስቅና፣ «እንግዲያው የቅናት ተረት ልንገርሽ» ይለኛል። ይህንኑ ተረት በየዓመቱ፣ ችግኝ በሚተከልበት ቀን፣ ተማሪዎቹን የጎመኑ መደብ ዳር አስቀምጦ ይነግራቸው ነበር። አሁን የሚነግራቸው የለም። እኔም እንዳልረሳው እሱ ሲናገር እንደሰማሁት ጻፍኩት።

«ልጆች፣ ተረት ልዝራ?» ይላል።

«ይዝሩልን፣ ይብቀልልን!» ይላሉ።

ድሮ ድሮ፣ ከአያቶቻችሁ አያት በፊት፣ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው አያ ጥጋቡ ይባላል። ስሙ ጥጋቡ ይሁን እንጂ ጠግቦ አያውቅም። መሬቱ ከወንዝ እስከ ወንዝ ነው። በረቱ በከብት ሞልቷል፤ ጎተራው በእህል ሞልቷል። ሁለተኛዋ ይመኙሻል ትባላለች። ባል የላትም፤ በሬ የላትም። ያላት አንዲት ጓሮ ብቻ ናት። አንድ የበሬ ቆዳ ቢዘረጋ ጓሮዋን ይሸፍናታል።

ያቺ ጓሮ ግን ጎመን ታበቅላለች። በጾም ወራት የይመኙሻል ጎመን ሲበስል ሽታው አጥር ዘሎ ጥጋቡ ቤት ይገባል። ጥጋቡ ሽሮውን ይጠቀልላል፤ ሽታው ይመጣል፤ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቆማል።

«ምን ሆንክ?» ትለዋለች ሚስቱ አልጣሽ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አትበላም?»

«እሷ እየበላች እኔ እንዴት ልብላ!»

ቅናቱ ሲብስበት ወደ አገሩ ጭቃ ሹም፣ ወደ አባ መላ ሄደ። «ጌታዬ፣ ያቺ መሬት በሴት እጅ ባክና ቀረች። ከእርሻዬ ጋር ትዋሰናለች። ለእኔ ትሰጠኝ» አለ።

አባ መላ ሳይፈርዱ በፊት ጢማቸውን የሚጎትቱ ሰው ናቸው። ጎተቱ፤ ጎተቱ። ከዚያ ይመኙሻልን አስጠሩና፣ «ዛሬ መስቀል ነው። ለደብረ ዘይት፣ በጾሙ እኩሌታ፣ መጥቼ አያለሁ። በዚያ ደረቅ ወር ጓሮሽ የሚበላ ከሰጠ የአንቺ ነው። ካልሰጠ የጥጋቡ ነው» አሉ።

«እሺ ጌታዬ» አለች ይመኙሻል። ጓሮዋን ካጣች ቀሪው ልመና እንደሆነ ታውቃለች።

ጥጋቡ አጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አስቀመጠ። ቅናቱ በተነሣበት ቀን ድንጋዩ ላይ ይወጣና አንገቱን ያሰግጋል።

አንደኛውን ክፋት ስሙ። ይመኙሻል ገበያ ሄዳለች። ጥጋቡ የበረቱን እበት ሁሉ አግዞ፣ ቆፍራ ባዘጋጀችው መደብ ላይ ገለበጠው። ክምሩ እስከ ወገብ ደረሰ። ይመኙሻል መጣች። አየች። አላለቀሰችም። አጥሩን ተሻግሮ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ይህን ሁሉ እበት ማን ተሸክሞልኝ ይሆን? መቼም መልአክ ነው!» አለች።

ከዚያም ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፈረች። አንድ ጊዜ እበት፣ አንድ ጊዜ ገለባና የደረቀ ቅጠል፣ በላዩ እፍኝ አመድ፤ እንደገና እበት፣ እንደገና ቅጠል። ውኃ አርከፈከፈችና በኮባ ቅጠል ሸፈነችው። በየሁለት ሳምንቱ ትገለብጠዋለች። እጇን ስትከት ይፋጃል። «ገና ነህ» ትለዋለች። ደግሞ ትገለብጣለች። እጇን ትከታለች። «ገና ነህ።» ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ እጇን ከተተች፤ ቀዝቅዟል። ሽታውም ዝናብ እንደመታው አፈር ሆኗል። «አሁን ደረስክ» አለችው። ከአፈሩ ጋር ቀላቀለችውና በስባሪ ጋን ውስጥ ያፈላችውን ችግኝ ተከለች።

እዚህ ላይ መምህር ይቆምና፣ «ልጆች፣ ትኩስ እበት ችግኝ ሥር ይደረጋል?» ይላል።

«አይደረግም፤ ያቃጥላል!»

«ማን ያልሰማ አለ?»

«ጥጋቡ!»

አዎ፣ ጥጋቡ አልሰማም። ጥጋቡ ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ ችግኙ ጆሮውን አቁሞ አየ። ዓይኑ ቀላ፤ ምራቁ ደረቀ።

ሁለተኛውን ክፋት ስሙ። የመስኖው ቦይ ወደ ይመኙሻል የሚመጣው በጥጋቡ መሬት አልፎ ነው። ጥጋቡ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። ይመኙሻል መጣች። ደረቅ ቦይ አየች። አላለቀሰችም። «ቦዩን ማን ዘግቶልኝ ይሆን? መቼም መልአክ ነው!» አለች።

ሦስት አሮጌ ማሰሮዎች ነበሯት። በጎመኑ መካከል እስከ አንገታቸው ቀበረቻቸው። ከምንጭ በጀርባዋ ያመጣችውን ውኃ ሞላችባቸውና በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነቻቸው። ሸክላ ያልበዋል፤ ላቡ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ምስር ያጠበችበትንም ውኃ አልደፋችም። ከጎመኑ ግርጌ ገለባ ጎዘጎዘች፤ ፀሐይ አፈሩን አላገኘውም። በቦይ ታጠጣ በነበረ ጊዜ አረሙም አብሮ ይጠጣ ነበር። አሁን አረሙ በጥም አለቀና ጎመኑ ብቻውን ቀረ።

ጥጋቡ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ዓይኑ ቀላ፤ ምራቁ ደረቀ።

«ምን አየህ?» አለችው አልጣሽ ከታች።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያብከነክንሃል?»

«ቅጠሉ የእኔን መዳፍ አክሏል!»

ሦስተኛውን ክፋት ስሙ። ጥጋቡ ዶሮዎቹን ሁሉ ሰበሰበ። አንድ ቀን በጠዋት፣ በአጥር ላይ አንድ በአንድ እየወረወረ ጓሮዋ ውስጥ አስገባቸው። ይመኙሻል ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። አላለቀሰችም። ሮጣ ከየጎረቤቱ እንቅብና ቅርጫት ለመነች፤ በየጎመኑ ላይ ደፋቻቸው። ዶሮዎቹ ጎመን ሲያጡ ገለባውን ይጭሩ ጀመር። ከገለባው ሥር ግንድ የሚቆርጠው ትል ተደብቆ ነበር። አንድ ሳይቀር ለቀሙት።

ወደ ከሰዓት ይመኙሻል ዶሮዎቹን እየነዳች ጥጋቡ ደጅ ደረሰች። «አያ ጥጋቡ፣ ዶሮዎችህ መንገድ ስተው መጥተው ነበር። ትሌን ለቅመው ጨረሱልኝ። ሦስት እንቁላልም ጥለዋል፤ እንካ ያንተ ነው። የነዳልኝ ግን መቼም መልአክ ነው!» አለችው።

ያን ቀን ጥጋቡ እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ ማልዶ ተነሣና፣ «ደርሼበታለሁ! ምስጢሩ እበት ነው። ይሄው እኔ ባለ ብዙ እበት!» አለ። እበቱን ስትቀላቅል አይቷል፤ ስትገለብጥና ስትጠብቅ ግን አላየም። ቅናተኛ በተቃጠለበት ቀን ብቻ ነው የሚያየው። ሰፊ መሬት አረሰ። ችግኝ ተከለ። ከበረት የወጣውን ትኩስ እበት በየችግኙ ግርጌ ቆለለ። በሦስተኛው ቀን ችግኙ ቢጫ ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ከሰለ።

አልጣሽ መጥታ አየች። «አንተ ሰው፣ ጎመኑን ተከልከው ወይስ ቀበርከው?»

ደብረ ዘይት ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ አባ መላ በበቅሎ መጡ። የአገሩም ሰው ተከትሎ መጣ። በዚያ ወር ሜዳው ሁሉ አመድ መስሏል። ይመኙሻል የጓሮዋን በር ከፈተች። ጎመኑ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። በዳር በዳሩ የተከለችው ነጭ ሽንኩርት ቆሟል። ሰዎቹ «ወይ ጉድ!» አሉ።

ጥጋቡ ግን ወደፊት ወጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህ የአንዲት ሴት ሥራ አይደለም። ረዳት አላት። ፍርዱም እሷ ራሷ ካበቀለች ነው እንጂ ሌላ ካበቀለላት አይደለም» አለ።

አባ መላ ጢማቸውን ጎተቱ። «እውነት ነው? ረዳት አለሽ?»

ይመኙሻል ጥጋቡን አየችው። አንድ ነገር ገባት። «አዎ ጌታዬ፣ አለኝ። መልአክ ነው። እበት ተሸከመልኝ፤ ቦይ ዘግቶ አረሜን ገደለልኝ፤ ዶሮ ነድቶ ትሌን አስለቀመልኝ። ፊቱን ግን አላየሁትም። ቢገለጽልኝ ከጎመኑ ድርሻውን እሰጠው ነበር። አገሩም ያመሰግነው ነበር።»

«እልል!» አሉ ሴቶቹ። «መልአክ ያገዛት!» አሉ ወንዶቹ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ የጓሮውን አፈር ሳመች።

የጥጋቡ ዓይን ቀላ። ምራቁ ደረቀ። የእሱ እበት፣ የእሱ ቦይ፣ የእሱ ዶሮ፤ ምስጋናው ግን የመልአክ! ሲቀና የኖረው በጎረቤቱ ነበር። አሁን በመልአክ ቀና።

«ምን መልአክ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ! እበቱን ገበያ በሄደች ቀን የገለበጥኩት እኔ ነኝ! ቦዩን በእነዚህ እጆቼ የደፈንኩት እኔ ነኝ! ዶሮዎቹን በአጥር የወረወርኩት እኔ ነኝ! ድርሻዬን አምጪ!»

አልጣሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አባ መላ ጢማቸውን አልጎተቱም። የሚያመዛዝኑት ነገር አልነበረምና። «ጥጋቡ፣ አፍህ ፈረደብህ። ጓሮው የይመኙሻል ነው። ቦዩን ዛሬውኑ ትከፍታለህ። ከእንግዲህም በዚህ አገር የበሬ ቆዳ የምታክል ጓሮ ያለው ሁሉ እበት በፈለገ ጊዜ ደጁ ድረስ ትሸከምለታለህ። መልአክነትህን ራስህ መስክረሃላ!»

ሰዉ በሣቅ ወደቀ።

ይመኙሻል ግን ቃሏን አላጠፈችም። ከየጎመኑ የታችኛውን ቅጠል ብቻ ቀነጠሰች፤ ልቡን አልነካችም። አንድ እቅፍ ለጥጋቡ ሰጠችው። አልጣሽ ቀቀለችው። ጥጋቡ በዚያ ጾም ለመጀመሪያ ጊዜ ጎመን በላ።

«ይጣፍጣል?» አለችው ሚስቱ።

ጥጋቡ አላመጠ። ዋጠ። «ጨው አንሶታል» አለ። ሳህኑን ግን በጣቱ ጠረገው።

ይኸውላችሁ ልጆች፣ የዚያ አገር ሰው ከዚያን ወዲህ ማለዳ ሲነሣ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል። ሽማግሌዎቹም «ቅናተኛ አጥር ላይ ያረጃል፤ ጎመን ሲቀነጥሱት ይለመልማል» ይላሉ።

ተረቱ በዚህ አለቀ። ሐሰቱ ለተራኪው፣ እውነቱ ለሰሚው ይሁን።

አንባቢ ሆይ፣ ተረቱን ለልጆችህ ስትነግር ለመምህር ቢያድግልኝ «ነፍስ ይማር» በልልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም አስበው። የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው።